ከሌክ ፕላሲድ በፊት የትኛውን ግማሽ ርቀት ልወዳደር?

ሰላም ወገኖች፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጁላይ ላይ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሌክ ፕላሲድ ለሚካሄደው አይረንማን (ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ ያለበት ረጅም ውድድር) ተመዝግቤያለሁ፤ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ብስክሌት፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን። ይህን ርቀት ስሞክር የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ በፊት የዚህን ርቀት ግማሽ አንዴ መወዳደር አለብኝ፣ ግን የትኛው ላይ?

አንዱ ምርጫ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ካምብሪጅ ያለው ኢግልማን የሚባለው ግማሽ ርቀት ውድድር ነው። ከቤቴ በመኪና ሁለት ሰዓት አይሞላም፣ ወጪውም ቀላል ነው። ግን ጁን ላይ ስለሆነ ለዋናው ውድድር የሚቀረኝ ስድስት ሳምንት ገደማ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ድፍን ሜዳ ነው፣ ሌክ ፕላሲድ ግን ዳገት በዳገት። ሌላው ቴነሲ ያለው የቻተኑጋ ግማሽ ርቀት ነው። ሜይ ላይ ነው፣ ብስክሌቱም ወደ ጆርጂያ ተሻግሮ ከፍ ዝቅ እያለ ስለሚሄድ ለእግሬ የተሻለ ልምምድ ይመስለኛል። ግን ዘጠኝ አስር ሰዓት መንዳት አለ፣ የሥራ ፈቃድም አለ።

እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የውሃ ዋናው ነው። ዋና የተማርኩት አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ፣ በ31 ዓመቴ ነው። ገንዳ ውስጥ ደህና ነኝ። ክፍት ውሃ ላይ ሰው ከግራ ከቀኝ ሲነካኝ ግን ትንፋሼ ይቆራረጣል፣ ባለፈው ዓመት አንድ አጭር ውድድር ላይ ካያክ (ትንሽ ጀልባ) ይዤ ቆሜ ነበር። የሌክ ፕላሲድ ዋና በሚካሄድበት ሚረር ሌክ ሐይቅ ላይ ደግሞ ሰው ሁሉ ከውሃው ስር ያለውን ገመድ ተከትሎ ለመዋኘት እንደሚጋፋ ሰምቻለሁ።

እናንተ ብትሆኑ ዳገቱን ትመርጣላችሁ ወይስ ቅርቡን? ስድስት ሳምንት ለማገገም ይበቃል? ሁለቱንም የሞከራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ስለ ውሃ ዋናው በዝርዝር ንገሩኝ።