ወንድሜ በባዕድ አገር በቆዳው ቀለም ሲናቅ ምን ልምከረው?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ውጭ አገር የሚማረው ታናሽ ወንድሜ ትናንት ማታ ደውሎ፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገቡ የነበረች ሴት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ እንደ ተነሣችበት፣ ሌላ ተሳፋሪም «ወደ አገርህ ተመለስ» እንዳለው ነገረኝ። እናታችን ዝም በል ትለዋለች፤ እኔ ግን ዝምታው ውስጡን እንዳይበላው እፈራለሁ።

መልስ፣ ከአንኮበር፦
እህቴ፣ ዝም አይበል፤ ግን አይሳደብ። በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ጥቁር አሜሪካዊቷ ሮዛ ፓርክስ በአሜሪካ በሞንትጎመሪ ከተማ አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫዬን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም ብላ ታሰረች፤ የከተማዋ ጥቁሮችም 381 ቀን በእግራቸውና በጋራ በሚሳፈሩባቸው የግል መኪኖች እየተመላለሱ በአውቶቡሶቹ አንሳፈርም አሉ፤ በመጨረሻም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ ውስጥ በዘር መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ወሰነ። ከእርሷ እንቢታ ይልቅ ልቤን የሚነካው ከዓመት በላይ የተመላለሰው የእነዚያ ሠራተኞች እግር ነው።

መልስ፣ ከመሐል ሜዳ፦
ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የአውቶቡሱን ቁጥርና ያየ ምስክር ካለ እርሱን ሳይረሳው ይጻፍና ለአውቶቡስ ድርጅቱም ለትምህርት ቤቱም በጽሑፍ ያመልክት። ለእናታችሁም አስረጂያቸው፤ ፍርሃታቸው ከፍቅር ነው።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የአውቶቡሱን ቁጥር ለካ ፎቶ አንሥቶት ኖሯል፤ ዛሬ ማታ ማመልከቻውን በስልክ እየተነጋገርን አብረን እንጽፋለን።