የአባቴ ፔጆ 404 ራዲያተር ያፈሳል፤ ላስበይደው ወይስ ልቀይረው?

የአባቱ_ልጅ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ከአባቴ የወረስኳት፣ በፈረንጅ የ1967 ፔጆ 404 አለችኝ። ልጆች እያለን ጎጃም ዘመድ ጥየቃ የምንሄደው በሷ ነበር። ከኋላ ቢጫ ጀሪካን ውሃ አይጠፋም። ዓባይ በረሃን ወርደን ደጀንን ስንወጣ አባቴ ጥግ ይይዝና ኮፈኑን ከፍቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኛ ሽርሽር ይመስለን ነበር።

አሁን ችግሩ ለኔ ደርሷል። ጠዋት ጠዋት ከሞተሩ ስር የሰፌድ ስፋት ያለው እርጥብ አገኛለሁ። የሚያፈሰው ከታች በቀኝ በኩል ነው፤ ቀጫጭን ቱቦዎች ያሉበት መረብ ከታችኛው የውሃ ሳጥን ጋር የሚገናኝበት። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወጣ ደግሞ የሙቀት መርፌው ያስፈራል።

አንድ ጋራዥ «ጣለው፣ የቶዮታ ዲኤክስ አልሙኒየም ራዲያተር ቆርጠን እንገጥምልሃለን» አሉኝ። ጎረቤቴ ደግሞ እንቁላል ጨምርበት አለኝ። እያፈርኩ ነው የምነግራችሁ፤ ጨመርኩ። አስኳሉን ለይቼ ነጩን ብቻ። ለ2 ቀን ማፍሰሱ ቆመ። በ3ኛው ቀን መርፌው ከበፊቱ ብሶ ወጣ። ምን ይሻለኛል?

ቮልሱ_ዘላለም፦

ቮልስ ግዛ። ራዲያተር የለው፣ ውሃ የለው፣ እንቁላልህንም ቁርስህ ላይ ትበላለህ።

ጋሽ_መፍቻ፦

ልጄ፣ ነጩ ሲግል ይበስላል። የበሰለው ቀዳዳውን ለጊዜው ይይዝልሃል። ግን ቀዳዳውን ብቻ መርጦ አይደፍንም፤ ቀጫጭኖቹን የውሃ ቱቦዎችም ይዘጋቸዋል። መርፌው ብሶ የወጣው ለዚህ ነው።

ራዲያተሩን አትጣል። የድሮው መዳብና ነሐስ ነው፣ የተያያዘውም በእርሳስ ነው። ሳጥኑ በእሳት ይነሳል፣ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በቀጭን ብረት ይጠረጋሉ፣ ከዚያ መልሶ ይበየዳል። ያሁኑ አብዛኛው መረቡ አልሙኒየም፣ ሳጥኑ ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲኩ ሲሰነጠቅ ከመለጠፍ ውጪ እምብዛም መላ የለውም። «ጣለው» ያሉህን ሰዎች አላማም። ብቻ መዳብ በኪሎ እንደሚሸጥ እወቅ።

ስታስበይድ ቆመህ እይ። አፎቹ ይደፈኑ፣ ውሃ የሞላ በርሜል ውስጥ ይነከር፣ ትንሽ ነፋስ ይሰጠው። አረፋ ከወጣበት ነው የሚያፈሰው። ነፋሱ ከ1 ባር በታች ይሁን። በጎማ መንፊያ ዝም ብለው ለቀው ሳጥኑን የሚያሳብጡ ሞልተዋል። አንድ ሁለት ቱቦ ጫፉ ቢዘጋ ግድ የለም። አምስት ስድስት ከሆነ ግን መረቡ ራሱ አርጅቷል።

ከሁሉ በፊት ግን ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይኛ ክፍል፣ አጣራ። የ404 ሞተር ብረት ነው፣ ቴስታታው አልሙኒየም፤ ክፉኛ ከጋለ ይጣመማል። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ የራዲያተሩን ክዳን ክፈትና አስነሳ። አረፋ ሳያቋርጥ ከተንቦጫቦጨ፣ ወይም የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ፣ በሞተሩና በቴስታታው መሀል ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሄዷል። ያኔ ራዲያተር ብታስበይድ ባታስበይድ ያው ነው። ሞተሩ እየጋለ ግን ክዳን እንዳትነካ። የኔን ግራ ክንድ ያየ ሰው አይነካም።

የአባቱ_ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ጠዋት እንዳሉኝ አደረግኩ። አረፋ የለም፣ ዘይቱም ንጹሕ ነው። ግን ቴርሞስታት፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው፣ የሚባል ነገር የለም! ድሮ አንድ መካኒክ «ለኛ አገር አያስፈልግም» ብሎ አውጥቶት ኖሯል። ይመለስ?

ጋሽ_መፍቻ፦

ይመለስ። ያለሱ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚንም ይበላል። አዲሱን ከመግጠምህ በፊት ድስት ውስጥ ቀቅለው። ውሃው ከመፍላቱ በፊት አፉን ካልከፈተ ለሻጩ መልሰው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ አትርሳ። ለዚህ ነው ክዳኑም ቁም ነገር የሚሆነው። ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ ውሃህ ያለጊዜው ይንተከተካል። አዲስ ክዳን ግዛ፤ ግን ከድሮው ግፊት አታስበልጥ፣ የተበየደውን መልሶ ያፈነዳዋል።

ከሊዮን፦

እኔ ፈረንሳይ ነው የምኖረው፣ የራሴ 404 አለኝ። ፋኑን ያየ የለም እንዴ? የ404 ፋን ሁልጊዜ በኃይል አይዞርም። በውስጡ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። ሞተሩ ሲግል ማብሪያው ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፣ ማግኔቱ ይይዛል፣ ያኔ ፋኑ ሞተሩ በቺንጋ ከሚያዞረው ፑሌጃ ጋር ይዞራል። ኤሌክትሪኩን የምታደርሰው ትንሽ ካርቦን ካለቀች ፋኑ ዝም ብሎ ይንሳፈፋል። ደልዳላ መንገድ ላይ ደህና ሆና ዳገት ላይ የምትግል 404 ካየሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው።

እዚህ የድሮውን ሳጥን ትተው መረቡን ብቻ በአዲስ የሚቀይሩ ቤቶች አሉ። ግን ከነማጓጓዣውና ከነቀረጡ አስበው። ብየዳው ከያዘ ምን አደከመህ።

ቮልሱንም ተወው። ይቺ መኪና በ1963፣ 1966፣ 1967 እና 1968 የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የመኪና ውድድርን አሸንፋለች።

ቮልሱ_ዘላለም፦

በ1962ስ ማን ነበር ያሸነፈው? ቮልስ። ያለ ጀሪካን።

የአባቱ_ልጅ፦

ውጤቱን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ራዲያተሩን ፈትቼ መርካቶ ወሰድኩት። ሠሪው ሽማግሌ ናቸው። የላይኛውን ሳጥን ሲያነሱ ከነዝገቱ አይብ የመሰለ ነገር ወጣ። አዩኝ። «እንቁላል ነው?» አሉኝ። ምንም አልመለስኩም። «ስንት?» አሉ። ሁለት አልኳቸው፤ ሦስት ነበር።

በርሜል ውስጥ ሲነከር መገጣጠሚያው ላይ ብቻ አይደለም አረፋ የወጣው። መሀል ላይ ሁለት ቱቦዎችም ያፈሱ ነበር። ሁለቱን ዘጉ፣ ሌላውን ጠረጉ፣ ታችኛውን ሳጥን ዙሪያውን በየዱት። ከሰዓት በኋላ አለቀ።

ወንድማችን ከሊዮን፣ አንተም ልክ ነህ። ካርቦኗ ጥፍር አክላ ነበር። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ከሌላ ዲናሞ አንድ አውጥቶ ሞርዶ ገጠመልኝ። አሁን ሽሮ ሜዳ መውጫ ላይ ፋኑ ሲይዝ ድምፁ ይሰማል፣ መርፌውም ከግማሽ አያልፍም።

ኩላንቱን ከተጣራ ውሃ ጋር ግማሽ በግማሽ ሞላሁት። የተጣራውን ውሃ ለመግዛት ሱቅ ሄዳችሁ «የባትሪ ውሃ» ስትሉ ግን ጠርሙሱን አንብቡ፤ ለኔ አሲዱን ነበር ያቀበለኝ። ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው፣ ከስሯ ደረቅ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። የታችኛው የውሃ ጎማ ቱቦ ስጨብጠው ልፍስፍስ ይላል። ሶማሌ ተራ ያሳዩኝ ሁሉ መታጠፊያው አይገጥምም። ትርፍ ያለው ሰው ካለ እዚሁ ይጻፍልኝ።