በእራት ሰዓት ድራማ ላይ ድብደባ እስከ ምን ድረስ?

የሳቢያኗ እናት፦ የድሬ ሰዎች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ልጄ 13 ዓመቷ ነው። ማታ ማታ አብረን የምናየውን በአማርኛ የተተረጎመ የቱርክ ድራማ፣ ተከታዩን ከራሷ እያመጣች በደብተር ትጽፋለች፤ ለጓደኞቿም በቴሌግራም ትልካለች። ክፍል 9 ደርሳለች። መጻፍ መውደዷ ደስ ብሎኝ ነበር። ትናንት ደብተሯን ገለጥኩት። ባልየው ሚስቱን በጥፊ ይመታታል፣ ክፍል ውስጥ ይቆልፍባታል፣ ጠዋት አበባ ይዞ ይመጣና ይታረቃሉ። ደም የለም፣ ጩቤ የለም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። የቤተሰብ በሚባል ድራማ ላይ፣ ልጆች በሚጽፉትም ላይ፣ ድብደባ እስከ ምን ድረስ ነው የሚፈቀደው?

የከዚራው መምህር፦ በ1999 የወጣው የብሮድካስት አዋጅ ቁጥር 533 ለልጆች የማይሆን ፕሮግራም ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ እንዲተላለፍ ይል ነበር። አዋጁ በ2013 በሌላ ቢተካም ሐሳቡ ትክክል ነው። እንግሊዞች መስመሩን ማታ 3 ሰዓት ላይ አስምረውታል። ሰዓት ይከበር፣ አለቀ።

የመጋላው ነጋዴ፦ አቦ ዲሽ ያለው ቤት ምን ሰዓት ያግደዋል? እኛ ሰፈር ከጠዋት ጀምሮ የአረብ ጣቢያ ነው የሚከፈተው። ሪሞቱ በእጅሽ ነው፣ ዝጊው።

የሳቢያኗ እናት፦ እኔ ብዘጋው ጎረቤት ሄዳ ታየዋለች። ደግሞ ታሪኩ ደብተሯ ላይ ነው ያለው። ደብተር በምን ይዘጋል?

የጀጎሉ ልጅ፦ ከሐረር ነኝ፣ ልግባበት። አያቴ ማታ “ተረት ተረት” ስትለንና “የላም በረት” ብለን ስንቀበል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ጅብ ነበር። አህያዋን ይዘነጥላታል፣ አንጀቷን ይጎትታል። ተረቱ አልቆ ስንተኛ እውነተኛው ጅብ በግንቡ ቀዳዳ ገብቶ በደጃችን ያልፋል። ከዚያ ሁሉ ደም ማናችንም ጨካኝ ሆነን አልወጣንም። ለምን እንደሆነ አሁን ነው የገባኝ። ጅቡ አህያዋን ሲበላት “ስለሚወዳት ነው” ያለን ሰው የለም። ጅብ ጅብ ነበር። ክፍል 9 ላይ የሚያስፈራኝ ጥፊው አይደለም፣ አበባው ነው።

የለገሀሬዋ ነርስ፦ ይህን ወንድሜ በደንብ አየው። አልበርት ባንዱራ የሚባል የሥነ ልቦና ሊቅ በ1961 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ ያዩ ሕፃናት እነሱም እንደሚደበድቡ አሳየ። እኔ ከዚያ ይልቅ የ1965ቱን ጥናት ነው የማነሳው። ተደባዳቢው ሲቀጣ ያዩት ልጆች ብዙም አልደገሙትም። በኋላ ግን “ያየኸውን ካሳየኸኝ እሸልምሃለሁ” ሲባሉ ሁሉም እኩል አሳዩ። ሁሉም ተምረውታል ማለት ነው፤ የለያያቸው ፍጻሜው ነበር። በድራማው የመታው ሰውዬ የሚያገኘው ሽልማት ሚስቱ ናት።

የመጋላው ነጋዴ፦ አሻንጉሊትና ሰው አንድ ነው? ያ አሻንጉሊት ሲመቱት ወድቆ የሚነሳ፣ ለመመታት የተሠራ ነው። እኔ የሕንድ ፊልም ዱላ እያየሁ ነው ያደግኩት፣ ሚስቴን ነክቼ አላውቅም።

የለገሀሬዋ ነርስ፦ ስለ አሻንጉሊቱ ልክ ነህ፣ ይህን ትችት ሌሎችም ያነሱበታል። ግን በሕንዱ ፊልም ዱላው የሚያርፈው በክፉው ሰው ላይ ነበር፣ አይደል?

የከዚራው መምህር፦ ሐሳቤን ላስተካክል። ሰዓት ብቻውን አይበቃም። በ1949 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕጋችን ሴት የጠለፈ ሰው ካገባት ከክስ ነፃ ያወጣው ነበር። ይህ የቀረው በ1997 ሥራ ላይ በዋለው አዲሱ ሕግ ነው፤ አሁን በአንቀጽ 587 ጋብቻው ጠላፊውን ከቅጣት አያድነውም። በአንቀጽ 564 ደግሞ ሚስትን መደብደብ ራሱ ወንጀል ነው። ሕጉ የዘጋውን በር ድራማው በሙዚቃ አጅቦ ይከፍተዋል፤ ጠልፎ የቆለፈባት ሰው መጨረሻ ላይ ሙሽራ ሆኖ ይቀርባል። ይህንን ማታ 5 ሰዓት ቢያሳዩትም ያው ነው።

ገንደቆሬ፣ 22 ዓመት፦ እኔም የድራማ ተከታይ እጽፋለሁ፣ ስለዚህ ለልጅቷ ልቁም። ደብተሯን እንዳትቀሚያት። ውጭ አገር አድናቂዎች የሚጽፉትን የሚያኖሩበት ‘አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን’ የሚባል ትልቅ ማኅደር አለ። እዚያ ጭካኔ አይከለከልም፤ ጸሐፊው ግን ከባድ ድብደባ፣ አስገድዶ መድፈር፣ የዋና ገጸ ባሕሪ ሞት ካለበት መጀመሪያ ላይ ያስታውቃል፣ ወይም “አላስታውቅም” ብሎ ይገልጻል። አንባቢው አውቆ ይገባል። ቴሌግራም ላይ እንዲህ ያለ ነገር ስለሌለ እኔ ከየክፍሉ አናት ላይ “ድብደባ አለበት” ብዬ እጽፋለሁ። ከእኔ አንባቢዎች መካከል ቤታቸው ያለውን በአፋቸው የማይናገሩ አሉ፤ እዚያ ነው የሚያነቡት። ልጅሽን ባልየው ሚስቱን ለምን እንደመታት ጠይቂያት፣ ሳትቆጪ።

የሳቢያኗ እናት፦ ዛሬ ጠየቅኳት። “ቀንቶ እኮ ነው እማ። ካልወደዳት ለምን ይቀናል?” አለችኝ። አባቷ አንድ ቀን እጁን አንስቶብኝ አያውቅም፤ ይህን ከቤታችን አላየችውም። ዝም ብዬ ቆየሁና “እሷስ? ተቆልፎባት ስታድር ምን አሰበች?” አልኳት። ደብተሩን አገላብጣ አየችው። ስለዚያ አንድ መስመር አልጻፈችም። ድራማውም አላሳያትም፤ በሩ ሲቆለፍ ታያለች፣ ወዲያው ይነጋል።

የመጋላው ነጋዴ፦ እኔ አሁንም ዝጊው ነው የምለው።

የጀጎሉ ልጅ፦ ክፍል 10 ያቺ ሌሊት ትሁን።

የሳቢያኗ እናት፦ ጀምራዋለች። ሁለት ገጽ ሆኗል፣ በሩ ገና አልተከፈተም።