የወንጀል ፍትሕ ቴክኖሎጂን መንግሥት ራሱ ያስጠና ወይስ ለገበያ ይተው?

አወያይ፦ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል፣ ዛሬ ብሔራዊ የፍትሕ ተቋም የሚባለው፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፖሊስ፣ ለፍርድ ቤትና ለማረሚያ ቤት የሚውል ቴክኖሎጂን በሕዝብ ገንዘብ ያስጠናል። ሥራው ለግል ኩባንያዎች ቢተው አይሻልም ወይ?

የሕግ ባለሙያ፦ በፍጹም አይሻልም። ኬቭላር የተባለውን ክር የፈለሰፈው ዱፖንት የተባለው የግል ኩባንያ ቢሆንም፣ በ1970ዎቹ ወደ ፖሊስ ጥይት መከላከያ ሰደርያ እንዲለወጥ ያስሞከረው ይኸው ተቋም ነው። በፍርድ ቤት በኩልማ ነገሩ ይብሳል፤ ኮምፓስ የተባለው የግል ኩባንያ ሶፍትዌር የአንድን ተከሳሽ አደገኛነት ያሰላበት ቀመር የንግድ ምስጢር ነው ተብሎ ቢደበቅም፣ የዊስኮንሲን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2016 ውጤቱ ከማስጠንቀቂያ ጋር ለቅጣት ውሳኔ እንዲቀርብ ፈቅዷል። ሰው ነፃነቱን የሚነካ ስሌት መመርመር ካልቻለ ራሱን ተከላከለ ማለት ያስቸግረኛል። በ2018 በወጣው የእስር ቤት ማሻሻያ ሕግ መሠረት ለፌዴራል እስረኞች የተዘጋጀው፣ ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድልን የሚያሰላው ፓተርን የተባለ መመዘኛ ግን የነጥብ አሰጣጡ ታትሟል፤ በአንዳንድ መለኪያዎቹ ጥቁሮች ዳግም ወንጀል የመፈጸም ዕድላቸውን አጋንኖ እንደሚገምትም የተቋሙ የራሱ ግምገማ በይፋ ገልጿል።

የመረጃ ባለሙያ፦ እህቴ፣ ቺካጎን ዘለሉት። በተኩስ ወንጀል የመሳተፍ ወይም የመጎዳት ዕድላቸው ከፍ ያለ ነው የተባሉ ሰዎች በስሌት የተመዘገቡበት የፖሊስ ዝርዝር የተጀመረው በዚሁ ተቋም ድጎማ ነው።

የሕግ ባለሙያ፦ እውነት ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ተኩስን እንዳልቀነሰ በ2016 ያሳየውን፣ ራንድ የተባለው የምርምር ድርጅት ያካሄደውን ጥናትም የደገፈው ተቋሙ ነው፤ የራሱን ምርት የሚያጋልጥ ጥናት በገንዘቡ የሚያሠራ ሻጭ ከየት ይገኛል?

የመረጃ ባለሙያ፦ እኔን የሚያስቆጣኝም ይኸው ነው፤ ጥናቱ ታትሞ ሳለ ፖሊስ ዝርዝሩን እስከ 2019 ይዞ ቆየ። ለሰደርያ ግን እንዲህ አልሆነም። ዛይሎን ከተባለ ሌላ ክር የተሠራ ሰደርያ በ2003 በፔንስልቫኒያ አንድ ፖሊስ ለብሶት ሳለ በጥይት ከተበሳ በኋላ ተቋሙ መርምሮ በ2005 ለዛይሎን ሰደርያዎች የሰጠውን ማረጋገጫ አነሳ፤ መስፈርቱን ላላሟላ ሰደርያ መግዣም የፌዴራል ድጎማ አይሰጥም። ስለዚህ ምርምሩን መንግሥት ያካሂድ ቢባል አልቃወምም፤ የምጠይቀው ሰው ለሚመዝን ሶፍትዌርም ተመሳሳይ ማረጋገጫ እንዲደነገግለትና ማረጋገጫው ለተነሳበት ሶፍትዌር ድጎማው በዚያው ዕለት እንዲቋረጥ ነው።