ክሬ በሰውነት ሙቀት አልነቃ አለኝ

ጅማ ውስጥ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴን እየሠራሁ ነው። ተመራማሪዎቹ ሌንድላይን እና ላንገር በ2002 እ.ኤ.አ. ያሳዩትን ዓይነት የቁስል መስፊያ ክር መሥራት እፈልጋለሁ፤ ላላ ተደርጎ ይታሰራል፣ ሲሞቅ ራሱን ያጠብቃል፣ ውሎ አድሮም ሰውነት ውስጥ ፈርሶ ያልቃል።

በእጄ ያለው ሞለኪውላዊ ክብደቱ 80,000 የሆነ ፖሊካፕሮላክቶን (ሰውነት ውስጥ የሚፈርስ ፕላስቲክ)፣ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ (ማስተሳሰሪያ ኬሚካል) እና ክሎሮፎርም (ማሟሚያ ፈሳሽ) ነው። ፖሊካፕሮላክቶኑን ክሎሮፎርም ውስጥ ከ5 በመቶ ፐርኦክሳይድ ጋር አሟሟሁ፤ በስሱ አፍስሼ ካደረቅሁ በኋላ የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲተሳሰሩ በ130 ዲግሪ ለግማሽ ሰዓት ምድጃ ውስጥ አቆየሁት። መተሳሰሩንስ ተሳስሯል፤ ክሎሮፎርም ውስጥ አንድ ቀን ሙሉ ነክሬው አብዛኛው አልሟሟም። በ70 ዲግሪ ስቤ እጥፍ አስረዘምሁት፣ በበረዶ አቀዘቀዝሁት። 60 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ስከተው ወዲያው ይሸበሸባል፤ ሳየው ደስ ይላል። በ37 ዲግሪ ግን ንቅንቅ የለም። በ60 ዲግሪ የሚነቃ ክር ደግሞ ለበሽተኛ ሳይሆን ለቡና ጀበና ነው የሚሆነው።

ፐርኦክሳይዱን ወደ 10 በመቶ ሳሳድግ የመነቂያው ሙቀት ወደ 50 ወረደ፤ ነገር ግን ክሩ ሲሳብ ይበጠሳል። ፖሊላክቲክ አሲድ የተባለ ሌላ ፈራሽ ፕላስቲክ ብቀላቅልበት ሁለቱ አልዋሃድ ብለው እንደ አይብ ተቋጠሩ። መብራት በመቋረጡ የባከኑትን ሙከራዎች አልቆጠርሁም።

ክሩን ሳላሰባብር የመነቂያውን ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ለማውረድ፣ ይህንኑ ፖሊካፕሮላክቶን ይዤ የምቀጥልበት መንገድ አለ ወይስ የግድ ሰንሰለቱ አጭር ከሆነው መጀመር አለብኝ?