«ባለቤትሽ ደብቆ ነው የተዋዋለው» ተባልኩ፤ የሕግ ባለሙያዎች እርዱኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፈው ከሐዋሳ ነው። ባለቤቴ የሕይወት መድን ገብቶ፣ አረቦኑን አንድም ጊዜ ሳያጓድል ሲከፍል ቆይቶ በድንገት አረፈ። ካሳውን ስጠይቅ ኩባንያው «የደም ግፊት ሕመሙን ደብቆ ነው የተዋዋለው፤ ውሉ ፈራሽ ነው» የሚል ደብዳቤ ሰጠኝ።

መድኃኒት ይወስድ እንደነበር አልክድም። ነገር ግን ቅጹን የሞላው የኩባንያው የሽያጭ ወኪል ነው። ቤታችን ተቀምጦ ቡና እየጠጣ፣ ስለ ሕመም የሚጠይቀውን ክፍል ሳያነብልን «የለም» ብሎ ጻፈበት። ባለቤቴም አምኖት ፈረመ። ያ ፊርማ እስከ ዛሬ እንቅልፍ ይነሳኛል።

የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንቀጽ 668ን ደጋግሜ አነበብኩት። ሆን ተብሎ የተደበቀ ነገር ካለ ውሉ ይፈርሳል፤ ሆን ተብሎ ካልሆነ ግን የሚከፈለው ካሳ ቢቀነስም ውሉ ይጸናል። የተቸገርኩትም እዚህ ላይ ነው፤ ሆን ብሎ መደበቁን ማስረዳት ያለበት ማን ነው? ኩባንያው ወይስ እኔ? ወኪሉ የጻፈውስ በባለቤቴ ላይ ብቻ ይቆጠራል? ያን ቀን አብራን ቡና የጠጣች ጎረቤቴ ለመመስከር ፈቃደኛ ናት፤ የተፈረመ ሰነድ ባለበት የእርሷ ቃል ክብደት ይኖረዋል? ክሱን ከማቅረቤ በፊት የቅጹን ቅጂ ኩባንያው እንዲሰጠኝ ማስገደድ የምችልበት መንገድ ካለም ንገሩኝ።