ካላንቾዬ ቅጠል ብቻ ሆነ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ
ጤና ይስጥልኝ። ካላንቾ የሚባል የአበባ ተክል አለኝ። ሲመጣ ቀይ አበባ በአበባ ነበር። ያ ከረገፈ ወዲህ ቅጠሉ ያድጋል እንጂ አንድ እንቡጥ አላየሁበትም። ቦታው ሳሎን መስኮት ሥር ነው፤ እስክንተኛ ድረስ መብራት ይበራል። ሰሞኑን ደግሞ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነው መልፈስፈስ ጀምረዋል። ማዳበሪያ ልጨምርለት?

የመስኮት ዳር
ማዳበሪያውን ለጊዜው ተዪው። አበባውን የከለከለሽ መብራቱ ነው። ካላንቾ እንቡጥ የሚይዘው ሌሊቱ ሲረዝምለት ነው። ለ6 ሳምንት ያህል በየቀኑ 14 ሰዓት ድቅድቅ ጨለማ ያግኝ። ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ካርቶን ድፊበት፤ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንሺለት። በመሃል አምፖል እንዳይበራበት አደራ! ቀን ቀን ግን ደማቅ ብርሃን ይፈልጋል። እንቡጡ ወጥቶ ቀለሙን ማሳየት ሲጀምር ካርቶን መድፋቱን አቁሚ።

አረንጓዴ እጅ
በጨለማው እስማማለሁ፤ ግን መጀመሪያ ሥሩን እዪ። ከታች አንድ ሁለት ቅጠል አርጅቶ ቢደርቅ ምንም አይደል። ከተልፈሰፈሰ ግን ብዙውን ጊዜ ውሃ በዝቶበት ነው። ግንዱን አፈሩ ጋ በጣትሽ ጫን በዪው። ጠንካራ ነው ወይስ ይለሰልሳል?

ጠያቂዋ
አሁን ነካሁት፤ ጠንካራ ነው። ከማሰሮው ሥር ያለው ሳህን ግን ውሃ አቁሯል። ድመትም አለችን፤ ብትበላው ይጎዳታል?

አረንጓዴ እጅ
እንኳን ጠንካራ ሆነ! ሳህኑን ቶሎ ድፊው። ይህ ተክል የማዳጋስካር ነው፤ ውሃውን በቅጠሉ ያጠራቅማል። አፈሩ ከላይ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ሳይደርቅ አታጠጪው። አፈሩ ውሃ የሚይዝ ከሆነ ሸካራ አሸዋ ቀላቅለሽ አዛውሪው። ግንዱ አንድ ቀን ከጠቆረ ደግሞ ከላይ ጤነኛውን ቁረጪና ቁስሉ እስኪደርቅ ጥቂት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጪው፤ ከዚያ ትከዪው። በቀላሉ ሥር ያወጣል።

የድመት እናት
ስለ ድመቷ እኔ ልመልስ፤ አዎ፣ ይጎዳታል። ለውሻም ያው ነው። በአብዛኛው ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል፤ ብዙ ከበላች ግን የልብ ምቷን ሊያዛባው ይችላል። መደርደሪያ ላይ ማስቀመጥ አያስተማምንም፣ ትዘላለች። በሩ የሚዘጋ ክፍል ውስጥ ይሁን። ስትበላ ካየሻት ምልክት አትጠብቂ፤ ወዲያው ለእንስሳት ሐኪም ደውዪ።

የመስኮት ዳር
አንድ ነገር ረሳሁ። ሲያብብልሽ የደረቀውን አበባ ከነዘንጉ ቁረጪው፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል።